ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ የሄደው ወንድሜ

ስልኩ ሲጠራ ሚዛን አማን መናኸሪያ በር ላይ ባጃጄን አቁሜ ተሳፋሪ እጠብቅ ነበር። የደወለው ጅማ ወንድሜን ያስታምም የነበረው የአጎቴ ልጅ ነው። «ሰላም ነህ?» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እሱም አልነገረኝም። ግን ሰው ሰላም ነህ ብሎ እንደዚያ ዝም ካለ ሌላ የሚጨምረው የለም። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ የሙዝ ዘለላ ይዘው ገብተው ነበር። «ሂድ እንጂ ልጄ» አሉኝ። ሄድኩ። ሚዛን ገበያ አድርሻቸው፣ ሙዙን አውርጄላቸው፣ ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

ወንድሜ ደሳለኝ አናጢ ነበር። ሁላችንም ደሱ ነበር የምንለው።

ለቅሶው ላይ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ዓይናቸው ወደ ደሱ የእንጨት ሥራ ቤት ይሄድ ነበር። ከጣሪያው ማገር በገመድ የተንጠለጠለ፣ በሸራ የተሸፈነ ረጅም ነገር አለ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጎረቤታችንን ጋሽ አደሎን «ለራሱ ያዘጋጀው ሣጥን ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«ሣጥን አይደለም» አሉ ጋሽ አደሎ። «የእሽቅድምድም ጀልባ ነው።»

ሰውየው ሽማግሌው ሐዘኑ ቢጎዳቸው ነው ብሎ መሰለኝ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ሚዛን ላይ ጀልባ! እኔም ያኔ መናገር አልቻልኩም። አሁንም ቶሎ ቶሎ አልችልም። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ደሱ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከከምባታ ለቡና ልማት ሥራ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ ሳላውቀው ሞተ። ስለዚህ አባት ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ደሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የሰካ። ልጅ ሳለ ጉሮሮውን አሞት፣ ከጉሮሮው ወደ መገጣጠሚያው፣ ከመገጣጠሚያው ወደ ልቡ ሄደበት። ጅማ ያየው ሐኪም ለእናቴ ሲያስረዳት «ከልቡ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም» አላት። ደሱ ይህን እስከ መጨረሻው ይቀልድበት ነበር። «የሚዛንን በር ሁሉ የገጠምኩ እኔ፣ የራሴን በር የሚገጥምልኝ አናጢ አጣሁ» ይል ነበር።

የሚገጥሙት ሐኪሞች አዲስ አበባ ነበሩ። ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። እሱም ይጠብቅ ነበር። እስከዚያው አትሩጥ፣ ዳገት አትውጣ፣ ከባድ አታንሳ ተብሏል። ቤታችን ውስጥ ከስሙ በላይ የተጠራበት ቃል «ቀስ» ነው። ሲነሳ ቀስ፣ ሲጎርስ ቀስ። አንድ ቀን ከት ብሎ ሲስቅ እናቴ ከጓዳ «ቀስ!» ብላ ጮኸችበት፤ ይብስ ሳቀ።

ሲደክመው አይናገርም ነበር። የሚሠራውን ሰሌዳ በመዳፉ ደገፍ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ እንጨቱ ያዘነብላል። «ምን ሆንክ?» ካልከው «ዝም በል፣ እንጨቱን እያዳመጥኩ ነው» ይልሃል። ደንበኞቹ የሙያ ጥበብ ይመስላቸው ነበር። እኔና እናቴ ትንፋሹን እየሰበሰበ መሆኑን እናውቃለን። እጁ እንጨቱ ላይ ብዙ ከቆየ እናቴ ድስቷን ትታ በር ላይ ትቆማለች።

ጀልባውን ያገኘው ቴፒ ነው። አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ሊፈርስ፣ የጣሪያውን እንጨት እንዲያወርድ ሄዶ ነበር። እሱ ከታች ሆኖ ያዛል፣ ልጆች ይወጣሉ። ከጣሪያው ስር፣ የሸረሪት ድር ውስጥ፣ እንደ ቃሪያ የሾለ ረጅም ነገር ተንጠልጥሎ አገኙ። ለማገዶ ሊፈልጡት መጥረቢያ አንስተው ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው ያስታወሱት። ድሮ አንድ ፈረንጅ እዚያ ይሠራ ነበርና እሁድ እሁድ ጀልባውን እዚያ ቅርብ ያለ ሐይቅ ላይ ይዞ ይወጣ ነበር አሉ። «ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ተቀምጦ ወደ ፊት ይሄዳል። እብድ ነው እንል ነበር። ግን ንፋስ አይቀድመውም!»

ደሱ የሥራውን ነገር ረስቶ ጀልባውን ለመናቸው። ሰጡት።

በአይሱዙ ጭኖ ሲያመጣው እኔ አብሬው ነበርኩ። ጭራው ከመኪናው ወጥቶ ቀይ ጨርቅ አስረንበት፣ ሼኮ ላይ ሕፃናት «አውሮፕላን! አውሮፕላን!» እያሉ ተከተሉን። ኬላው ላይ ጠባቂው ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ጀልባ» አለ ደሱ።

«ባሕሩስ?»

«በሌላ መኪና ከኋላ እየመጣ ነው።»

ጠባቂው ስቆ ገመዱን አወረደልን። ደሱን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። መንገዱን ሙሉ በመስኮት እየወጣ ወደ ኋላ ያየው ነበር።

ጀልባው ታመመ ቢባል ይቀላል። ሆዱ በስብሷል፣ አንዱ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ አይጥ ወልዳበታለች። የቀድሞው ቫርኒሽ እንደ እባብ ቆዳ ይላጣል። ደሱ ቫርኒሹን በመስታወት ስባሪ ፋቀው፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው በኋላ በለስላሳው። ለበሰበሰው ቦታ ዋንዛ አመጣ። ዋንዛውን እንደ ቆርቆሮ አሳስቶ ይልግና የሚፈላ በርሜል ላይ በእንፋሎት ያለሰልሰዋል፤ ሲለሰልስ ትንሽ ያጎብጠዋል፣ ያስረዋል፣ ይተወዋል። በማግስቱ ደግሞ ትንሽ።

«አንዴ አጉብጠውና ጨርስ» አልኩት።

«እንጨት ቂም ይይዛል» አለኝ። «አስገድደህ ካጎበጥከው ዛሬ ዝም ይልሃል። የሚከፍልህ ባሕር መካከል ነው።»

እናቴ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ሥራው ቀላል ነው፣ ከባድ አያነሳም፣ ከደጅ አይርቅም። አንድ ቀን ሸራውን ገልጣ እያየች ጠየቀችው።

«ደስዬ፣ ይሄ ነገር ሲያልቅ ምን ሊሆን ነው?»

«ልቀመጥበት።»

«ተቀምጠህስ?»

ደሱ መዳፉን እንጨቱ ላይ አደረገ። ያን ቀን ግን አልደከመውም ነበር።

እናቴ ገባት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሰላም አልነበረም። አንድ ሰሌዳ በተገጠመ ቁጥር እንደ ክፉ ወሬ ትሰማው ነበር። ጀልባው ቀን በቀን እያማረ ሄደ፤ እናቴ ቀን በቀን ፊቷ ጠቆረ። እኔ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ይዛ «ዛሬስ ምን ጨመረበት?» ትለኛለች። ደሱ ጠርቦ የሠራቸውን ሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች ወስዳ አልጋዋ ስር ከተተቻቸው። ጫፋቸው ወጥቶ ይታያል። ደሱ አየና «ይተኙ እማ፣ ገና ነው» አላት።

በዚያው ሰሞን ኡሞድ መጣ። ኡሞድ ከቴፒ ወዲያ ካለው ሐይቅ ዓሣ አድርቆ ሚዛን ገበያ የሚያመጣ ሰው ነው። ክንዱ እንደ ግንድ ነው። ስለ ጀልባው ሰምቶ ሊያይ መጣ፤ ዞረው፣ በጣቱ ቆረቆረው፣ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጀልባ ነው ጭልፋ?»

«አንተስ የምትሄድበት ምንድን ነው፣ ገበታ?»

«የኔ ታንኳ ከአንድ ግንድ ነው። ጉማሬ ቢመታው ጉማሬው ነው የሚያመው። ያንተማ ዝንብ ብታርፍበት ይገለበጣል!»

«ዝንቧን ይዘሃት ና። ፋሲካ በዋለ ማግስት ሐይቁ ላይ እንገናኝ።»

«ማን ሊቀዝፍ?»

«እኔ።»

ኡሞድ የደሱን ነገር አያውቅም ነበር። እጁን ዘርግቶ መታለት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ያን ማታ እራት በላን። መጨረሻ ላይ እኔ «ሐኪሙ አትሩጥ ብሎህ የለም ወይ?» አልኩት።

«ተቀምጬ እኮ ነው የምሮጠው» አለ። ሊያስቀን ነበር። አልሳቅንም።

አሁን ንብ ወደመጣበት ነገር ልድረስ።

ጀልባው ከፊትና ከኋላ በስስ እንጨት የተከደነ ነው፤ ከክዳኑ ስር ጨለማ ጓዳ አለ፣ ለአየር የምትሆን ትንሽ ቀዳዳም አለችው። ደሱ መጋጠሚያውን ሁሉ ውኃ እንዳያስገባ በጥጥ ጠቅጥቆ በሰም ሊደፍነው አሰበ። ጋሽ አደሎ የከፋ ተወላጅ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ። ከእሳቸው ሰፈፍ፣ ማሩ የተጨመቀ ሰም፣ ወሰደ። ሰፈፉ ፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ማሩ ካልለቀቀው ሽታው አይጠፋም። ደሱ ግን ፋሲካ ደርሶበት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቸኮለ። ሰፈፉን እንዳለ አቅልጦ የጓዳዎቹን ውስጥ ለቀለቃቸው፤ ክዳኑን በምስማር መታ፣ ጀልባውን ወደ ማገሩ ሰቀለው።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሥራ ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። መንጋ ንብ መጥቶ በፊተኛው ጓዳ ገብቷል።

ጋሽ አደሎ ተጠርተው መጡ። ከስር ቆመው ወደ ላይ አዩ። አፋቸውን በጋቢያቸው ቢሸፍኑም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምን ያስቃል ጋሼ?» አለ ደሱ።

«ጨለማ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ትንሽ በር፣ የሰፈፍ ሽታ። ልጄ፣ አንተ ጀልባ መሰለህ እንጂ ቀፎ ነው የሠራኸው! እኔ ዘንድሮ ከሰቀልኩት ይሻላል።»

«ታዲያ በጭስ እናባራቸው?»

ሳቃቸው ቆመ። «በራሱ የመጣ ንብ አይባረርም። ንብ ያባረረ ቤት በረከት አይገባውም። ቤት ሰጥተህ ትሸኘዋለህ እንጂ።»

«አይነካም!» አለች እናቴ። ከቤት ስትወጣ አላየናትም። «በሕማማት የመጣ ንብ ነው። እግዜር ልጄን የሚጠብቅልኝ ላከልኝ። እዚያው ይኑር። ጀልባውም እዚያው ይኑር።»

ደሱ አልተከራከረም። ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እሷም ቆይታ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ባጃጄን እጠርግ ነበር፣ ስለዚህ ሰማሁ።

«እማ፣ ተራዬ ቢደርስ እሰየው» አላት። «ባይደርስስ?»

«አፍህን ያዝ።»

«ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ሮጬ አላውቅም። ስሞት ‹ቀስ እንዳለ ሞተ› ሊሉ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እዚያ ጀልባ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ታውቂያለሽ? ጀርባሽን ለምትሄጂበት ትሰጫለሽ። የምታዪው የተውሽውን ነው። አንቺ ዳር ላይ ትቆሚያለሽ። እኔ ዓይኔን ካንቺ አላነሳም፣ ባነሳም ሌላ የማየው የለም። ነጠላሽን ወደ ላይ ካነሳሽ አቆማለሁ። የትም ብደርስ።»

«ቀድመህ እንኳ ቢሆን?»

«ቀድሜ እንኳ ቢሆን።»

እናቴ በማግስቱ ጠዋት ከጓዳ ስትወጣ ሁለቱን መቅዘፊያዎች ተሸክማ ነበር። ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደገፈቻቸው።

ጋሽ አደሎ አዲስ ቀፎ በጥሩ ሽታ አጥነው አመጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደሱ ጀልባውን አውርዶ የፊቱን ክዳን በመጋዝ ከፈተው። እንደ መስታወት ያብለጨለጨውን ክዳን። ቀፎው ከላይ ተደገነ፣ ሽማግሌው ጎኑን በጣታቸው ቀስ እያደረጉ መቱ፣ ንቡም እንደ ጥቁር ውኃ ሽቅብ ፈሰሰ። ደሱ ሁለት ቦታ ተነደፈ። እናቴ አምባዛ ዓሣ መሰለ ብላ የዓይኑን እብጠት ስትነካ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀችው። ቀፎው ዛሬም ጓሮ አቮካዶው ላይ ነው።

ክዳኑ በሚገባ ሊጠገን ጊዜ አልነበረም። ለጊዜው በአዲስ ዋንዛ ጠገነው፤ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ቀረ።

ሐይቁ ጫካ ውስጥ ነው። የፋሲካ ማግስት ዝናቡ ጠዋት ጥሎ አባርቶ ነበር። የኡሞድ ሰፈር ሰው ዳርቻውን ሞላው። ጀልባው ውኃው ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ሊያየው ተጠጋ። እንደ ቅጠል ነበር። ደሱ ሲገባበት ተንገዳገደ፣ ኡሞድ ራሱ ዘሎ ጫፉን ያዘለት። «እግዜር ይያዝህ ጭልፋዬ» አለው።

እናቴ ውኃው እግሯን እስኪነካ ቀረበች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛለች።

ማዶ ቀድሞ ለመድረስ ተነሱ። ኡሞድ መጀመሪያ ቀደመ፣ ታንኳው ውኃውን እየሰነጠቀ። ደሱ ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው። መቅዘፊያው ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። ፊቱ ወደ እኛ ነው። ከዚያ ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ ጀልባው ውኃውን የለቀቀ መሰለ። ድምፅ እንኳ የለውም። ሕዝቡ ጮኸ። የኡሞድ ሚስት ሳትቀር ትጮኽ ነበር። ደሱ አለፈው። አንድ የጀልባ ቁመት፣ ከዚያም በላይ። ወንድሜን ሲሮጥ አየሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ አየሁት።

እኔም ከሁሉ በላይ እየጮህኩ ነበር። ዞር ስል እናቴ አትጮኽም። ፊቱን ብቻ ታያለች። እኛ ጀልባውን እናይ ነበር፤ እሷ ፊቱን። ምን እንዳየች ጠይቄያት አላውቅም። ነጠላውን የያዙ እጆቿን ወደ ደረቷ አወጣቻቸው። መልሳ አወረደቻቸው። ማዶው ቀርቧል፣ ትንሽ ነው የቀረው። «እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው!» አልኳት።

ነጠላውን አነሳች።

ደሱ እዚያው አቆመ። አንድ እንኳ አልጨመረም። መቅዘፊያዎቹን ውኃው ላይ ጋደም አደረጋቸው፣ እንደ ክንፍ። ሕዝቡ «እእእ!» አለ። ኡሞድ በአጠገቡ አልፎ ማዶ ደረሰ፤ ግን ዞሮ ሲያይ ድል ያደረገ ሰው አይመስልም ነበር። ደሱ የጀልባውን ጎን በመዳፉ ደግፎ ጆሮውን አዘንብሏል። እያዳመጠ ነው። ከቀኑ ሁሉ ያ ረዘመብኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘልን።

ቀስ ብሎ ሲመለስ ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። እናቴ ውኃው ውስጥ ገብታ ፊቱን በነጠላው ጠረገችው።

«ቀድመኸው ነበር አይደል?» አለችው።

«ቀድሜው ነበር።»

«ቢቆጭህስ?»

«ሮጫለሁ እኮ እማ።»

ኡሞድ አንድ ትልቅ ዓሣ አምጥቶ ጀልባው ውስጥ አኖረ። «እኔን ያሸነፈኝ ጭልፋ ነው፤ ጭልፋውን ያሸነፈው ነጠላ ነው» አለ። ደሱ ከት ብሎ ሳቀ። ያን ቀን «ቀስ» ያለው ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ጀልባው ወደ ማገሩ ተመለሰ። እሱም ክረምቱን ተቀምጦ ክዳኑን በሚገባ ሊሠራ ያስብ ነበር። ክረምቱ ግን ከበደው። እግሩ ያብጥ ጀመር፣ እጁ እንጨቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ረዘመ። ተራው ሳይደርስ ጅማ ተወሰደ። ሲሄድ እኔ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ አደረስኩት። ቀስ ብዬ ነዳሁ። «ምነው፣ ቀፎ የጫንክ መሰለህ?» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቀልድ ነው።

የቀረው ቀብሩ ነው።

አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኡሞድ ነበር። ሰምቶ ከሐይቁ መጥቶ፣ ከፊት ገብቶ ትከሻውን ሰጠ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከግቢያችን በር ወጥተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ስንጀምር እናቴ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ሊይዟት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ግን አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። መንገዱ ዳር ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሳችው።

ለቀስተኛው አልገባውም። ኡሞድ ግን ቆመ።

የኋለኞቹ ተጋጩ። «ምን ሆነ? ሂድ እንጂ!» አሉት።

«ቆዩ» አለ። «እናቱ ጠርታዋለች።»

ዝናቡ ሣጥኑ ላይ ይዘንባል። ቆምን። ኡሞድ በነጻው እጁ መዳፉን እንጨቱ ላይ አድርጎ ነበር። እናቴ እጇ እስኪዝል ነጠላውን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ራሷ፣ ቀስ አድርጋ፣ አወረደችው።